የሚያሰክረው ዳቦ፦ የእንክርዳድና የተከራዩ ታሪክ

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አምስት ኪሎ ስንዴ በፌስታል አንጠልጥዬ፣ መስቀል ፍላወር አካባቢ ከተከራየሁበት ግቢ ወደ ወፍጮ ቤት ልወጣ ስል አከራዬ በር ላይ ያዙኝ። ፌስታሉን ከፈት አድርገው አንድ እፍኝ ዘገኑ። መዳፋቸው ላይ በተን አድርገው አዩት።

«ይሄን ሳትለቅመው ልታስፈጨው ነው?»

«ሻጩ ንጹሕ ነው ብሎኛል እኮ፣ እማማ።»

«ንጹሕ! ይሄ ሁሉ እንክርዳድ አይታይህም? ኋላ በልተኸው ራስህን አዙሮህ ደረጃው ላይ ብትወድቅ እኔ የለሁበትም።»

እኔ ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። በርጩማ ሳቡ፣ ሰፌድ አወጡ፣ «ና ቁጭ በል» አሉኝ።

የተማርኩት ሜካኒካል ምህንድስና ነው። አሁን የምመራመረው ደግሞ እህል በሚያጠሩ ማሽኖች ላይ ነው። በእኔ ሰንጠረዦች ውስጥ እንክርዳድ ማለት «ባዕድ ነገር» በሚለው ዓምድ ሥር ከጠጠርና ከገለባ ጋር የሚደመር ቁጥር ነበር። ዳቦ ሰውን ያሰክራል የሚለው ወሬ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ልጆችን እህል ለማስለቀም የተፈጠረ ማስፈራሪያ ይመስለኝ ነበር።

ተሳስቼ ነበር። ነገሩን ተከትዬ ሳነብ ታሪኩ ከጥንታዊ የግብፅ መቃብር ወደ ወሎ የገብስ ማሳ፣ ከዚያም ወደ ማዋለጃ ክፍልና ወደ ጥርስ ሐኪም መርፌ ወሰደኝ። እስቲ አብረን እንልቀመው። ዓመቶቹን፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዷቸው።

ስሙ ራሱ «ሰካራም» ነው

እንክርዳድ ሣር ነው። በስንዴና በገብስ ማሳ ውስጥ አብሮ ይበቅላል። ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1753 ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ ይህን ሣር ሎሊየም ቴሙሌንተም ብሎ ሰየመው። ቴሙሌንተም በላቲን «የሰከረ» ማለት ነው። ፈረንሳዮች ኢቭሬ ይሉታል፤ ቃሉ «ሰካራም» ከሚለው ኢቭር ጋር ዝምድና አለው። ጀርመኖች ደግሞ ስሙን ከመንገዳገድ ጋር አያይዘው ታውመልሎልኽ አሉት። እነዚህ ሕዝቦች ተሰብስበው አልተማከሩም። ሁሉም ከየማሳቸው ያጨዱትን በሉ፣ ራሳቸውን አዞራቸው፣ ያዩትን ስም አድርገው አስቀመጡት። የአከራዬ ማስጠንቀቂያም ያው ምልከታ ነው፤ ልዩነቱ በአማርኛ መሆኑ ብቻ።

ብዙዎቻችን እንክርዳድን መጀመሪያ የሰማነው ከወንጌል ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 13 ጠላት በሌሊት መጥቶ በስንዴው መካከል እንክርዳድ ይዘራል። የግዕዙ ወንጌል ክርዳድ ይለዋል። አገልጋዮቹ ልንቀለው ወይ ብለው ሲጠይቁ ጌታቸው፣ ስንዴውን አብራችሁ እንዳትነቅሉት እስከ መከር ተዉት ይላቸዋል። ምሳሌውን በሃይማኖት ዓይን ማየት የእናንተ ፈንታ ነው። በዕፅዋት ሳይንስ ዓይን ካየነው ግን ተናጋሪው ገበሬ የሚያውቀውን ነገር በትክክል ያውቃል፦ እንክርዳድ ዛላ እስኪያወጣ ድረስ ከስንዴ ቡቃያ ጋር ተመሳስሎ ይቆማል።

በልቶት የታመመ ሰው ላይ ምን ይታያል? የድሮ ሐኪሞች የጻፉት ተቀራራቢ ነው፦ ራስ ማዞር፣ መንገዳገድ፣ ምላስ መኮላተፍ፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። በተዳከመ ሰው ላይ ሲበረታም ሞት። ስለዚህ «እስቲ ልሞክረው» የሚል አንባቢ ካለ፣ እባክህ ተወው። ይሄ ስካር ጨዋታ የለውም።

ሣር ኬሚስት ነው እንዴ?

ስካሩን የሚያመጡት ነገሮች አልካሎይድ ከሚባለው ወገን ናቸው። አልካሎይድ ማለት በአጭሩ ሕያው ነገር የሚሠራው፣ ናይትሮጅን ያለበትና ብዙውን ጊዜ የሚመር ሞለኪውል ነው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን፣ ትንባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከዚሁ ይቆጠራሉ። ተክል እግር የለውም፤ በሬ ሲመጣበት አይሮጥም፤ ትል ሲያኝከው አይማታም። ስለዚህ ብዙ ተክሎች መሣሪያቸውን በኬሚስትሪ ሠሩ።

የሣር ቤተሰብ በዚህ ረገድ የዋህ ይመስላል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሸምበቆ፣ ቀርከሃ ሁሉም ሣሮች ናቸው። ሆዳችን የሚሞላው በእነሱ ነው፤ መርዛም ቢሆኑማ ኖሮ ገና ድሮ አልቀን ነበር። ግን ጠጋ ብላችሁ ስታዩ የዋህነታቸው ሙሉ አይደለም።

ገብስን እንውሰድ። በ1930ዎቹ ስዊድን ውስጥ የሃንስ ፎን ኦይለር ቡድን ከገብስ ቡቃያ አንድ አልካሎይድ አወጣና ግራሚን ብሎ ጠራው። ስሙ የመጣው ግራሚኒዬ ከሚለው የሣሮች የላቲን የቤተሰብ ስም ነው። በ1935 ደግሞ ኦሬኮቭና ኖርኪና የተባሉ የሶቪየት ኬሚስቶች ከሸምበቆ ያወጡትን አልካሎይድ ዶናክሲን አሉት። ሸምበቆ ስል ያንኑ አጥር የምናጥርበትንና ዋሽንት የምንቀርጽበትን ነው። በኋላ ሁለቱ ሲነጻጸሩ ዶናክሲንና ግራሚን አንድ ሞለኪውል ሆነው ተገኙ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሆልገር ኤርትማን የተባለው የስዊድን ኬሚስት ግራሚንን በላብራቶሪ ለመሥራት ሲሞክር የግራሚን ወንድም የሆነ ሌላ ሞለኪውል ሠራ። እንደ ዘመኑ ልማድ ቀመሰው። ምላሱ ደነዘዘ! ያንን ፈለግ የተከተለው ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 ሊዶካይንን ሠራ። ጥርሳችሁን ለማስነቀል ሄዳችሁ ድዳችሁ ላይ የተወጋችሁት ማደንዘዣ ሊዶካይን ከነበረ፣ የዘር ሐረጉ ከገብስ ማሳ ይነሳል ማለት ነው።

አእምሮን የሚነኩም አሉ። ፋላሪስ የሚባሉት ሣሮች በእኛም ሀገር የስንዴ ማሳ ውስጥ በአረምነት ይታወቃሉ። ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹ ከሰው አንጎል ሴሮቶኒን ጋር የሚመሳሰሉ አልካሎይዶች ይሠራሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ፋላሪስ የጋጡ በጎች ራሳቸውን እየነቀነቁ ይንገዳገዳሉ፤ አንዳንዴም ወድቀው ይሞታሉ። ኮባልት የተባለውን ማዕድን ለበጎቹ በመስጠት ችግሩን መከላከል እንደሚቻል ታውቋል።

እንግዲህ ገብሱም፣ ሸምበቆውም፣ ፋላሪሱም አልካሎይዱን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። እንክርዳድም እንደዚያው ይመስላችኋል አይደል? ሳይንቲስቶቹም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የመሰላቸው።

ተከራዩ

በ1892 ሆፍማይስተር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከእንክርዳድ ፍሬ አንድ አልካሎይድ አውጥቶ ቴሙሊን አለው። ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ፦ ሣሩ መርዝ ይሠራል፣ ሰው ይበላዋል፣ ይሰክራል።

በ1898 ግን ፎግል የተባለ ኦስትሪያዊ የእንክርዳድን ፍሬ በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲያየው፣ ከቅርፊቱ ሥር እንደ ክር የተጠላለፈ ነገር አገኘ። ፈንገስ ነበር። ግን ፍሬው አልበሰበሰም፤ አልታመመምም፤ ሲዘራም ደህና ይበቅላል። ፈንገሱ በሰላም ይኖራል። በ1904 ደግሞ ሊንዳው የተባለ ጀርመናዊ ዕድሜያቸው 4,000 ዓመት ገደማ የሆነ፣ ከጥንታዊ የግብፅ መቃብር የወጡ የእንክርዳድ ፍሬዎችን መረመረ። ያው ፈንገስ እዚያም አለ።

ይህን ሳነብ የራሴን ኑሮ አሰብኩ። እኔ በአከራዬ ግቢ አንዲት ክፍል ይዤ እኖራለሁ፣ በወሩ ኪራይ እከፍላለሁ። ፈንገሱም እንዲሁ ነው። ሣሩ ቤትና ምግብ ይሰጠዋል፤ ተከራዩ ኪራዩን የሚከፍለው በአልካሎይድ ነው። እንዲህ በተክል ውስጥ ተስማምቶ የሚኖርን ፈንገስ ሳይንቲስቶች ኢንዶፋይት ይሉታል። የእንክርዳዱ ተከራይ ወደ ሌላ ሣር በነፋስ አይበርም። ከእናት ሣር ወደ ፍሬዋ፣ ከፍሬው ወደ ልጅቱ ሣር ይተላለፋል። የቤቱ ውል ከእናት ወደ ልጅ የሚወርስ ነው በሉት።

የኪራዩ ዋና ዓይነት ሎሊን ይባላል፤ ስሙም ሎሊየም ከሚለው የሣሩ ስም የወጣ ነው። ሎሊን ሣሩን ከሚመጡት ክሽክሽና መሰል ነፍሳት በደንብ ይጠብቀዋል። በአጥቢ እንስሳት ላይ ግን ጉልበቱ ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ሰውን የሚያንገዳግደው የትኛው ሞለኪውል ነው በሚለው ላይ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለወጣት ኬሚስቶች የተተወ ጥያቄ ነው፤ ያውም መነሻ ናሙናው ከሰፌድ ላይ የሚገኝ።

ኪራይ የማይከፍለው ወራሪ

ሁሉም ፈንገስ እንደዚህ ጨዋ አይደለም። ኤርጎት የሚባለው የእንክርዳዱ ተከራይ የሩቅ ዘመድ ነው። ይሄኛው ሣሩ ሲያብብ በአበባው በኩል ይገባና ፍሬውን አፈናቅሎ በቦታው ጥቁር፣ ጠንካራ፣ እንደ ትንሽ ቀንድ የቆለመመ ነገር ያበቅላል። ያ ጥቁር ነገር በብዙ ዓይነት አልካሎይድ የታጨቀ ነው። አንዳንዶቹ የደም ሥርን አጥብቀው ያኮማትራሉ። አንዳንዶቹ ነርቭን ይነካሉ፤ ያንቀጠቅጣሉ፣ የሌለ ነገር ያሳያሉ።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ይህ በሽታ መንደሮችን ያጠፋ ነበር። እግርና እጅ እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይረግፋል። በሽተኞቹን በቅዱስ እንጦንስ ስም የተቋቋመ የመነኮሳት ማኅበር ያስታምም ስለነበር «የእንጦንስ እሳት» ተባለ። ምክንያቱ ዳቦው ውስጥ ያለው ጥቁር ፍሬ መሆኑን ፈረንሳዊው ሐኪም ዴኒ ዶዳር በ1676 ለሀገሩ የሳይንስ አካዳሚ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ እህል ማጣራት እየተሻሻለ ሲመጣ በሽታው ከአውሮፓ እየራቀ ሄደ፤ ሐኪሞችም በታሪክ መጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት ሆነ።

እኛ ጋ ግን ታሪክ አልነበረም።

በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወሎ ውስጥ ሰዎች እጃቸውና እግራቸው እየጠቆረ መታመም ጀመሩ። በ1979 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣው ዘገባ 140 ታማሚዎችን መዝግቧል፤ 47ቱ ሞተዋል። ከሦስት ሰው አንድ ማለት ነው። ከተጠቁት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 34 ዓመት ነበር። ልጆችና ወጣቶች ናቸው፤ በእናንተና በእኔ ዕድሜ ያሉ።

ምንጩ ገብሱ ነበር። በትክክል ለመናገር ደግሞ ከገብሱ ጋር የተቀላቀለው ሌላ ሣር። በሀገራችን ደጋ በገብስ ማሳ ውስጥ የሀበሻ አጃ ይበቅላል፤ በብዙ አካባቢ ሲናር የሚባለው ነው። ግማሽ አረም፣ ግማሽ እህል ነው። ገበሬው ብዙ ጊዜ አይነቅለውም፤ ከገብሱ ጋር አብሮ ያጭደዋል፣ አብሮ ይወቃዋል፣ አብሮ ይበላዋል። በዚያ ዓመት በወሎ አጃውን ኤርጎት ይዞት ነበር። ጥቁሩ ነገር ከገብሱ ጋር ተፈጨ፤ ሰውም በላው።

ወሎ ማለት ደግሞ ከዚያ ጥቂት ዓመታት በፊት በ1965 እና 66 ዓ.ም. በረሃቡ የተመታው ክፍለ ሀገር ነው። ጎተራው ሙሉ በሆነ ቤት አጠራጣሪውን ለቅሞ መጣል ቀላል ነው። ጎተራው ባዶ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ፍሬ ይቆጠራል፤ «ይሄም እህል ነው» ያሰኛል። ለቀማ ጊዜ ይፈልጋል፣ ብርሃን ይፈልጋል፣ የሚጣል ትርፍም ይፈልጋል። ድህነት ሦስቱንም ይቀማል።

በ2001ም በአርሲ ይኸው በሽታ እንደገና ታየ። የተመረመረው ገብስ ውስጥ ኤርጎት ተገኘ። ስለዚህ «ድሮ ቀረ» ለማለት አንቸኩል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ያው ጥቁር ነገር መድኃኒትም ሰጥቶናል። የደም ሥርን የሚያኮማትረው ኃይል ማኅፀንንም ያኮማትራል። በ1935 ከኤርጎት የወጣው ኤርጎሜትሪን በወሊድ ጊዜ የሚፈሰውን ደም በማቆም የብዙ እናቶችን ሕይወት አትርፏል፤ ዛሬ ኦክሲቶሲን ቀዳሚ ቢሆንም። ስዊዘርላንድ ውስጥ አልበርት ሆፍማን የኤርጎትን ሞለኪውሎች እየለዋወጠ ሲሠራ በ1938 ኤልኤስዲን ፈጠረ። አእምሮን ምን ያህል እንደሚያናውጥ በራሱ ላይ ያወቀው ግን በ1943፣ ጥቂቱ በድንገት ወደ ሰውነቱ ከገባ በኋላ ነው። ሰው የሚገድለውም፣ እናት የሚያተርፈውም፣ አእምሮ የሚያናውጠውም ከአንድ ጥቁር ፍሬ ወጡ። ልዩነቱ የትኛው ሞለኪውል፣ ስንት፣ በማን እጅ የሚለው ነው።

ወንፊት የማይይዘው

አሁን ወደ እኔ ሙያ እንመለስ። ከአከራዬ ጋር ሰፌዱን ይዘን እንደተቀመጥን በልቤ ያሰብኩት፣ «ለዚህማ ወንፊት አይበቃም?» የሚል ነበር። ሰኞ ላብራቶሪ ገብቼ ሞከርኩት። አልበቃም።

እህልን ከባዕድ ነገር ለመለየት አንድ የሚለያዩበት ባሕርይ ያስፈልጋል። መጠናቸው ከተለያየ ወንፊት ይለያቸዋል። ክብደታቸው ከተለያየ ነፋስ ይለያቸዋል። ገበሬ አውድማ ላይ በመንሽና በላይዳ እህሉን ወደ ላይ ሲበትን የሚያደርገው ይህን ነው፦ ገለባው ይበራል፣ ፍሬው ቁልቁል ይወርዳል። ማሽኖቻችንም ያንኑ ነው የሚሠሩት፤ የነፋሱ ፍጥነት በቁጥር መታወቁ ብቻ ነው ልዩነቱ። እንክርዳድ ግን ከስንዴ ጋር በመጠንም በክብደትም ይቀራረባል። ወንፊቱ ሁለቱንም ያሳልፋል ወይ ሁለቱንም ያስቀራል። ነፋሱም እንደዚያው።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ እንደዚህ ያደረግነው እኛው ነን! አስቡት፦ የዛሬ ብዙ ሺህ ዓመት የእንክርዳድ ፍሬዎች የተለያየ መጠን ነበራቸው። ትንንሾቹ በወንፊት ወደቁ፣ ቀላሎቹ በነፋስ በረሩ፣ ቀድመው የረገፉት ማሳ ላይ ቀሩ። ከዘሩ ጋር ተቀላቅለው በሚቀጥለው ዓመት የተዘሩት ስንዴን የሚመስሉት ብቻ ናቸው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም አውድማው ራሱ እንክርዳድን ወደ ስንዴ መልክ ቀረጸው።

ይህ ማስመሰል ዛሬ የሚጠራው በሩሲያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት በኒኮላይ ቫቪሎቭ ስም ነው። ቫቪሎቭ እኛንም ያውቀናል። በ1926 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ 1927 ቆይቷል፤ አዲስ አበባ ላይ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን አግኝቶ፣ በየማሳው እየዞረ የስንዴና የገብስ ዘር ሰብስቧል። የሀገራችንን የእህል ልዩነት ካየ በኋላ ኢትዮጵያን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል ብዝኃነት ማዕከላት ውስጥ ቆጠራት። አንዳንድ አረሞች ሰብልን እየመሰሉ በመጨረሻ ራሳቸው ሰብል ይሆናሉ የሚለው ሐሳብም የእሱ ነው። አጃ የመጣው በዚህ መንገድ ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ያለው የሀበሻ አጃችንም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። የዓለምን ዘር ሲሰበስብ የኖረው ይህ ሰው በስታሊን ዘመን ታስሮ በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በምግብ እጦት ሞተ።

ወንፊትና ነፋስ የተሸነፉበትን ሥራ ታዲያ ማን ሠራው? ዓይንና ጣት። አከራዬ ሰፌዱን አንዴ ያንገዋልሉታል፤ ቀላሉ ወደ ዳር፣ ከባዱ ወደ መሀል ይሰበሰባል። ከዚያ ያያሉ። ስንዴው ወርቃማ ነው፣ እንክርዳዱ ወደ ግራጫ ያደላ ቡናማ፣ ቅርፊቱም እላዩ ላይ የተጣበቀ። ጣታቸው ሄዶ ያነሳል፣ ይጥላል፤ እሳቸው ግን ስለ ኮሪደር ልማቱ እያወሩኝ ነበር፣ ቀና ብለው እያዩኝ። ዛሬ ትልልቅ ፋብሪካዎች የሚገዙት ዘመናዊ መለያ ማሽን ይህንኑ ነው የሚሠራው፦ ካሜራ ፍሬውን ያያል፣ ቀለሙ ያልተስማማውን በታመቀ አየር እፍ ብሎ ይጥለዋል። ማሽኑ በሰከንድ ብዙ ሺህ ፍሬ ያያል፤ ዋጋውም ለወፍጮ ቤት አይቀመስም። የእናቶቻችንና የእህቶቻችን ለቀማ ግን በየቤቱ፣ በነጻ፣ ማንም ሳይቆጥረው ሲሠራ ኖረ። የሕዝብ ጤና ሥራ ነበር፤ እኛ «ሥራ ፈትታ ቁጭ ብላለች» እንለው ነበር።

ጎተራ ማዶ

ከመስቀል ፍላወር ቁልቁል ትንሽ ሲኬድ ጎተራ የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙ ራሱ የእህል ማከማቻ ማለት ነው። በየቀኑ በታክሲ ሳልፍበት ስሙን አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን ሳልፍ የማስበው አንድ ነገር አለ፦ እንክርዳድ ደካማ ጎኑም እዚሁ እህላችን ውስጥ ነው።

ሌሎች አረሞች ፍሬያቸውን አፈር ላይ ያራግፋሉ፤ ዘራቸው አፈር ውስጥ ተኝቶ ዓመታትን ይጠብቃል። እንክርዳድ ግን ስንዴ ለመምሰል ሲል ይህን ችሎታ አጥቷል። ፍሬው ዛላው ላይ ይቆያል፣ ከስንዴው ጋር ይታጨዳል፣ ጎተራ ይገባል፣ እና ገበሬው በእጁ እንዲዘራው ይጠብቃል። አፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ለዘር የሚቀመጠው እህል ለጥቂት ዓመታት በደንብ ከተጣራ እንክርዳዱ ከዚያ ማሳ ይጠፋል። እንግሊዝ ውስጥ እንደዚያ ሆኗል፤ ድሮ ማሳውን ሞልቶት የነበረው እንክርዳድ በዘር ማጣሪያ ምክንያት ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። እኛ ሀገር ግን አብዛኛው ገበሬ የሚዘራው ከራሱ ጎተራ ያስቀረውን ነው። ለአንድ ቀበሌ የሚሆን፣ ርካሽ፣ በእጅ የሚዞር የዘር ማጣሪያ መሥራት ከቻልን ለሰፌዱ የሚተርፈው ሥራ ያንሳል። እኔም አሁን የምደክመው ለዚያ ነው።

ያን ቅዳሜ አምስት ኪሎዋ ለሁለት ሰው ሁለት ሰዓት ፈጀች። ጀርባዬን አመመኝ፤ አከራዬ ግን «ይሄ ምን አላት፣ እኛ ስንት ኩንታል ለቅመን ነው ያደግነው» አሉኝ። የተለቀመውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሊጥሉት ሲሉ አንድ ቁንጥር ለመንኳቸው። «ምን ልታደርገው?» አሉ። «ልማርበት» አልኳቸው።

አሁን በትንሽ ብልቃጥ ሆኖ ላብራቶሪ ውስጥ ኮምፒውተሬ አጠገብ ተቀምጧል። ሰንጠረዤንም አስተካክያለሁ። «ባዕድ ነገር» የሚለው አንድ ዓምድ አሁን ሁለት ነው፦ በአንዱ ጠጠርና ገለባ፣ በሌላው እንክርዳድና ጥቁር ፍሬ። በመጀመሪያው ላይ ማሽኑ ቢሳሳት ጥርስ ይሰበራል። በሁለተኛው ቢሳሳት ምን እንደሚሆን ወሎ ነግሮናል።